ኮርቻውና የዕድሩ አግዳሚ

እኔ የምለው፣ ቆሞ ማየትን የመሰለ አድካሚ ሥራ አለ? ቆሞ መጠበቁንስ ለምደነዋል። ሚኒባስ ቆመን ነው የምንጠብቀው፤ ኔትወርክም ቆመን ነው የምንፈልገው። ግን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ቆሞ ማየት! ጉልበቴ ከከተማችን ከቆሰበር ብርድ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ምን ላርግ ታዲያ፣ እንጀራዬ አዳራሽ መጠበቅ ነው። ስብሰባ ሲኖር እከፍታለሁ፣ ሰርግ ሲኖር እጠርጋለሁ፣ ምንም ሳይኖር ደግሞ ምንም እንዳይጠፋ እጠብቃለሁ።

በቀደም የመጣብኝ ግን ስብሰባም ሰርግም አልነበረም። የአፍሪካ ወጣት ሠዓሊዎች ኤግዚቢሽን ነው ተባልኩ። ጋናዊ አለ፣ ኬንያዊት አለች፣ ከሴኔጋል የመጣ ዘለግ ያለ ልጅ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉ እኛ ጋ ጥቂት ቀን ሊያሳዩ ነው። ባሕር ዳር እያለላቸው ቆሰበር ምን አቆማቸው? በስመኝ ምክንያት ነዋ!

ስመኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እዚህ ቅርብ፣ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ ተወልዳ ያደገች። ነርስ ትሆናለች ብለን ስንጠብቅ ትምህርቷን ትታ ሥዕል ውስጥ ገባች። አባቷ አያ ደሴ ከዚያ ወዲህ አላናገራትም። ሁለት ዓመት ሙሉ! ስትደውል ስልኩን ለእህቴ ያቀብላል። ቤት ስትመጣ እሱ ማሳ ይወርዳል። ለምና አስለምና ኤግዚቢሽኑን ቆሰበር ያስቆመችው፣ አባቷ በር አልፎ ገብቶ ሥራዋን እንዲያይላት ብላ ነው። "አጎቴ፣ እሱ ካላየው ለኔ አልታየም" አለችኝ። በዚህ ጉልበቴ ግምጃ ቤት ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ድንች ላይ ነኝ።" በቃ፣ ይኸው ነው።

ሥራዎቹ ምን ይመስላሉ አትለኝም? ጋናዊው የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ ሰፍቶ፣ ሰፍቶ ቀዶ ሰቅሏል። ኬንያዊቷ ፊት የሌላቸው ሴቶች ሥላለች፤ ፊታቸው የት ሄደ ብላት ሳቀችብኝ። ሴኔጋላዊው ደግሞ አንድ ሰውዬ ወለል ሲያጥብ የሚያሳይ ቪዲዮ አምጥቷል። ሰውዬው ያጥባል፣ ያጥባል፣ አይጨርስም። እሱን እንኳ ማንም ሳያስረዳኝ ገብቶኛል።

የስመኝ ሥራ መሃል አዳራሽ ላይ ነው። የአባቷ ኮርቻ። አያ ደሴ ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ ባለፈው ክረምት ሞተበት። ሰው ሲሞት ዕድር አለ፣ ድንኳን አለ፣ አይዞህ ባይ አለ። ለፈረስ ማን ለቅሶ ይደርሳል? አያ ደሴ ፈረሱን ብቻውን ቀበረ፣ ኮርቻውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ስመኝን ይኼ አንጀቷን በልቷታል። እናቷ አያ ደሴን "ይሰፋል" ብላ አታልላ ኮርቻውን አወጣችላት። እሷም እንጨት ላይ ጫነችው፤ ቀይ ጌጡን አሰረችለት፣ የአባቷን አሮጌ ጋቢ ደረበችበት፣ አለንጋውን አንጠለጠለችበት። ያልተለቀሰለት የዳማ ለቅሶ ነው አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። በኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ የሟቹ ልብስና አለንጋ ተደርጎበት ለቅሶው መሃል ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ያኔ ልብ ብል ኖሮ ጉዱ ገና ከጠዋቱ በገባኝ ነበር። ግን እኔ የማስበው ስለ ጉልበቴ ነው።

አስተባባሪው፣ ባለ ክብ መነጽር የአዲስ አበባ ልጅ፣ ወንበር የሚባል ነገር አዳራሹ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎኛል። "ጋሼ፣ ተመልካች ከተቀመጠ ሥራው ይተኛል" አለኝ። በተኛና ባረፈው! በገበያ ቀን ጠዋት እሱ ቁርስ ሊበላ ሲሄድ፣ ከዕድራችን መጋዘን አግዳሚ ወንበሮቹን በጋሪ አስጫንኩ። ሌላ ወንበር ከየት ላምጣ? በገበያው መሃል አሳልፌ አመጣኋቸው፤ በኮርቻው ዙሪያ ደረደርኳቸው፤ አንዱ ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁ። እፎይ!

እስቲ አንተ ፍረድ፤ የዕድር ወንበር በጋሪ ሲያልፍ ያየ የገበያ ሰው ምን ያደርጋል? ይከተላል። "ማን ሞቶ ነው?" እያለ ይከተላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ። ከፊት የገባው አያ ቢያዝን ነበር፤ ከአያ ደሴ ጋር በድንበር ተኳርፎ ሰላምታ ካቆመ ስንት ዘመኑ! ቀይ ጌጡን ሲያይ ክው አለ። ያንን ኮርቻ የማያውቅ የግምጃ ቤት ሰው የታለና?

"ወይኔ ደሴ! ወይኔ ወንድሜ! ሳንታረቅ ጥለኸኝ ሄድክ?" ብሎ ደረቱን ይደልቀው ጀመር። ሴቶቹ ተቀበሉት። ደግነቱ ተነሳ፣ ጀግንነቱ ተነሳ። አማቼ ነው፤ እኔ ያን ሁሉ ደግነት አይቼበት አላውቅም።

"ኧረ ጎበዝ፣ አልሞተም!" ብዬ ጮህኩ። ለቅሶ ላይ አልሞተም ብሎ የሚጮህ ዘመድ ደግሞ መች ጠፍቶ ያውቃል? ሁለት ሴቶች ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ "አይዞህ፣ መቻል ነው" አሉኝ። ስመኝም "አባቴ ደኅና ነው!" ብትል ጭራሽ ሰው እላይዋ ላይ ወድቆ አለቀሰ። ደክሞኝ ተውኩት።

አስተባባሪው ከቁርሱ ሲመለስ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረት ሲመታ አገኘ። ይቆጣል ስል ፊቱ በራ! ሥራው እንዲህ ዘልቆ የገባው ተመልካች በዘመኔ አላየሁም እያለ በስልኩ ይቀርጻል። ወንበሮቹን ማን አመጣ ብሎም አልጠየቀኝ። ጋናዊው ልጅ ነው የተሻለው፤ ኮፍያውን አውልቆ ከሰው ጋር ቁጭ አለ።

የዚያን ቀን ኔትወርክ የለም። ወሬ ግን ባጃጅ ካገኘ ምን ጎደለው? አያ ደሴ ድንቹን ሲለቅም አንድ ጎረቤት እሪ እያለ ማሳው ደረሰ፤ ሟቹን ቆሞ ቢያየው ጊዜ እሪታውን ዋጠው። "ቆሰበር ላይ እየተለቀሰልህ ነው፣ ኧረ ድረስ" አለው።

ከቀትር በኋላ አያ ደሴ ከነጭቃው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት አማተበች። አያ ቢያዝን ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። አያ ደሴ ግን ሰው አላየም፤ ኮርቻውን ብቻ ነው የሚያየው። ቀጥ ብሎ ወደ ልጁ ሲሄድ፣ አለቀላት ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"የማን ለቅሶ ነው?" አላት። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

"የዳማ" አለችው።

ጋቢውን በእጁ ዳሰሰው። ከዚያ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ስመኝ እግሩ ሥር ተቀመጠች፤ እሱም እጁን ራሷ ላይ አሳረፈ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ለፈረስ ነው ሲባል ሰው ተቀይሞ ይወጣል ብዬ ነበር። ማንም አልወጣ። አያ ቢያዝን ብቻ አፍሮ ሹልክ ሊል ሲል፣ አያ ደሴ እጁን ያዘውና አጠገቡ አስቀመጠው። "ምን ብለህ ነበር ያለቀስክልኝ? እስቲ ድገመው" አለው። "ካልሞትክማ አልልም!" አለ ያ ግትር። እጁን ግን አልነጠቀም።

አመሻሽ ላይ አስተባባሪው ጠዋት ዕቃው ይጫናል ሲል ተመስገን አልኩ። ወንበሮቹን ለዕድሩ ልመልስ ወገቤን ይዤ ተነሳሁ። አያ ደሴ ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። አስተባባሪውን በእጁ ጠራው።

"የልጄ ሥራ እስከ መጪው ገበያ ቢቆይ ምን አለበት?" አለው።

"ለምን አባቴ?"

"የዳንግላ ዘመዶቼ ገና አላለቀሱልኝም።"