ፋንታ የቤዙን ሙግት የረታበት ቀን

በየከተማው አንድ የማይረታ ሰው አለ። ከተማው መብራት ባይኖረው፣ ወፍጮ ባይኖረው፣ እሱ አይጠፋም። ዝናብ ሲጥል «ይህማ ጉም ነው» ብሎ ሜዳ ላይ ቆሞ ይከራከራል። ጋቢው ሲበሰብስ፣ ውኃው ከፂሙ ሲንጠባጠብ፣ «ላቤ ነው» ይላል እንጂ ዘንቦብኛል አይልም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎረቤታችሁ ነው፣ ወይም አማታችሁ ነው፣ ወይም (እግዜር ይርዳችሁ) ባላችሁ ነው።

የቢቸናው ሊቀ ሙግት ክቡር አቶ ፋንታ ነበር። እንጀራው ልብስ ስፌት ነው፤ ነፍሱ ግን ያለችው እሰጥ አገባ ላይ ነው። ሱሪ አጥሮበት ሊያስለውጥ የመጣ ደንበኛ፣ ያጠረው ሱሪው ሳይሆን የረዘመው እሱ ራሱ መሆኑን አምኖ፣ ለእናቱ ሊያበሥር ወደ ቤቱ ይመለሳል። ኮት ጠበበኝ ያለውንማ አያድርገው። ፋንታ ከስፌት መኪናው ይነሣል፤ ጋቢውን እንደ ጥንት ተሟጋች ትከሻው ላይ ያጣፋል፤ መቀሱን እንደ ዘንግ ወደ ላይ ያነሣና «ተጠየቅ!» ይላል። ሰውዬውም ወግ ነውና «ልጠየቅ» ይላል። «ኮቱን ስትለካ ጾም ነበር ወይስ ፍስክ?» ሰውዬው ጾም ነበር ካለ አለቀለት። ጠቦኛል ያለውን ኮት ለብሶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አመስግኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን ለፋንታ ማሟሟቂያ ነው። የዕድሜ ልክ ሙግቱ ሌላ ነበር። ሰው ሁሉ በርስት፣ በድንበር፣ በውኃ በሚካሰስበት አገር ፋንታ የሚሟገተው በአንድ ጥያቄ ነበር፤ ከቢቸናና ከሞጣ መጀመሪያ ቤዝ ጊታር የነበራት የትኛዋ ናት?

ባላጋራው የሞጣው መምህር ገብረ ኪዳን ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ፣ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ቅኔ ይማሩ ነበር። ሁለቱም ቅኔውን ትተው ክራር ያዙ። አባም ሁለቱንም እኩል ረገሟቸው፣ ኋላም እኩል መረቋቸው። በየሠርጉ ሲጫወቱ ከርመው አንድ ቀን ከሬዲዮ ዘፈን ሰሙ። ከዘፈኑ ሥር፣ ከዘፋኙም ከመለከቱም በታች፣ እንደ ከባድ ሰው በእርጋታ የሚራመድ ድምፅ አለ። ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁ ቤዝ ጊታር ነው ተባሉ። ከዚያ በኋላ ክራሩ በእጃቸው ላይ ቀለለባቸው። አዲስ አበባ ሄደው በኅብረት አንድ ቤዝ ገዙ።

ሲመለሱ በአውቶቡስ ነው። የዓባይን ቁልቁለት ፋንታ ረጅሙን ጥቁር ሣጥን እንዳቀፈ ወረደው። ከፊቱ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የሕፃን ሬሳ መስሏቸው ነፍስ ይማር አሉት፤ እሱም፣ ያልሞተ ነገር ነፍሱ እንደማይማር፣ ድልድዩን ተሻግረው ደጀን እስኪደርሱ ድረስ ሲያስረዳቸው መጣ።

አውቶቡሱ ቢቸና አደረ። ፋንታም ሣጥኑን የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ ወፍራሙን ክር በጣቱ ሳበው። ምንም የለም። ደግሞ ሳበው። ዝምብ እንኳ ከዚያ የተሻለ ትጮኻለች። ለካ ሱቁ ውስጥ ግድግዳውን ያንቀጠቀጠው ጊታሩ ብቻውን አልነበረም፤ አጠገቡ የነበረውን የድምፅ ማጉያ የባለ ሱቁ ሬዲዮ ነው ብለው ትተውት መጥተዋል! ፋንታን ላብ አጠመቀው (ይህኛው እውነተኛ ላብ ነው)። ገብረ ኪዳን ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮውንና መንጋጋውን እንጨቱ ላይ አስደገፈ፤ ድገመው ብሎም በእጁ አመለከተ። ፋንታ ደገመው። ገብረ ኪዳን ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም፣ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ሰማህ?» አለው ፋንታ።

ገብረ ኪዳን ቀና ብሎ ፊቱን አበሰና «ምንም» አለ።

በማግስቱ ሞጣ ገቡ። የትምህርት ቤቱን የድምፅ ማጉያ ለመኑ፤ ሾፌሩን ለምነው የአውቶቡሱን ባትሪ አወረዱ፤ ገብረ ኪዳን አንዴ ቢነካው የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ተርገፈገፈ፣ ዶሮዎች ከቆጣቸው ወረዱ፣ ሰው ምድር ተናወጠች ብሎ ደጅ ወጣ። ጠዋት አውቶቡሱ አልነሣ ብሎ ተሳፋሪው ሁሉ እስከ ከተማው ዳር ገፋው። እንግዲህ ሙግቱ የተወለደው በዚህ ነው።

ፋንታ፣ ጃንሆይ ይሙት፣ መጀመሪያ የተመታው በእኔ ጣት ቢቸና ላይ ነው ይላል። ገብረ ኪዳን፣ ልጅ ተወለደ የሚባለው ሲያለቅስ ነው፣ ያለቀሰው ደግሞ ሞጣ ነው ይላል። ፋንታ፣ ዲዳ ሆኖ የሚወለድስ አልተወለደም ወይ ይላል። ገብረ ኪዳን፣ ዲዳም ሲወለድ ያለቅሳል ይላል። ፋንታ፣ ሞጣ ከመድረሱ በፊት ቢቸና አድሯል ይላል። ገብረ ኪዳን፣ ሙሽራ በመንገዷ ያደረችበት ቤት የባሏ ቤት አይባልም፤ በማለፍ ከሆነማ መጀመሪያ ቤዝ የነበረው የዓባይ ድልድይ ነው ይላል። አውቶቡሱን የገፉትን ሁሉ ለምስክርነት ይቆጥራል። ፋንታ፣ መኪና የገፋ ሰው ቂም አለበት፣ ቃሉ አይያዝም ይላል። በመጨረሻም ትልቁን ድንጋይ ይወረውራል። «አንተ ራስህ ጆሮህን ደግነህ ሰምተሃል!» ገብረ ኪዳን ፈገግ ይላል። «ምንም አልሰማሁም።»

ዳኛው አባ ወልደ ሰንበት ነበሩ። ጊታሩ አንድ ወቅት ቢቸና፣ አንድ ወቅት ሞጣ ይከርማል፤ ርክክቡም በመካከል መንገድ፣ ደብረ ወርቅ፣ በአባ ፊት ነው። በዚያ ቀን ሥራ ፈት ሁሉ ይሰበሰባል። ሁለቱ ጋቢያቸውን እያጣፉ እስኪደክማቸው ይሟገታሉ። አባም መሬቱን በመቋሚያቸው መታ አድርገው «ቀጠሮ» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱ ከአንድ ሳህን በልተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳስመው፣ አንዱ ጊታሩን ተሸክሞ፣ አንዱ እጁን አወዛውዞ ይለያያሉ። ፍርዱ ለምን ዘገየ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው የአባ መልስ «ነገሩ አልበሰለም» ነበር። ያ ነገር ከድንጋይ ቢሠራ እንኳ እስከዚያ ድረስ ይበስል ነበር።

አንድ ዓመት የቢቸና ተራ ደርሶ ገብረ ኪዳን ደብረ ወርቅ ሳይመጣ ቀረ።

ፋንታ ቀጠሮ አፈረሰ ብሎ ተቆጣ። ሞጣ እስኪደርስ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ክሱን ሲያሰናዳ፣ ባላጋራውን በሐሳቡ ሲያፋጥጠው ሄደ። ቤት ሲገባ ገብረ ኪዳን አልጋ ላይ ነው። ጎኑ ከፍራሹ ጋር አንድ ሆኗል። ጊታሩ አጠገቡ ተኝቷል፤ መንጋጋውን እንጨቱ ላይ ጥሎ በአንድ ጣቱ ክሩን ይነካካል። ማጉያ የለ፣ ባትሪ የለ። ሚስቱ ካሰች፣ ሌት ተቀን እንደዚያ ነው፣ ሕመሙን ያስታግሰኛል ይላል አለችው።

ፋንታ ያሰናዳው ክስ ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ከአልጋው አጠገብ ባለ ሦስት እግሯ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ከትራሱ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ «ተጠየቅ» አለ።

«ልጠየቅ» አለ ፋንታ።

«ቢቸና ላይ ጮኸ ካልህ፣ የሰማ አንድ ሰው ጥራ።»

መልሱ ያ ትልቁ ድንጋይ ነበር። ፋንታ በየዓመቱ ወርውሮታል፤ በሕልሙም ይወረውረዋል። አፉ ላይ ደረሰ። ከዚያ የገብረ ኪዳንን አንገት አየ፤ የክራር ክር መስሎ የሚቆጠር ሥሩን አየ፤ ድንጋዩን ዋጠው።

«ምስክር የለኝም» አለ።

ገብረ ኪዳን ዓይኑን ሳይነቅል አየው። «አሞሃል እንዴ?» አለው።

የቢቸና ተራ ቢሆንም ፋንታ ጊታሩን ሳይወስድ ወጣ። በመንገድ የአውቶቡሱ ረዳት ወንበር ተሳስተሃል ቢለው እንኳ ሳይከራከር ተነሥቶ ሄዶ ኋላ ተቀመጠ። በዚህ ነው የቢቸና ሰው አንድ ነገር መኖሩን ያወቀው።

ገብረ ኪዳን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

በአርባው ቀን ሞጣ፣ ከገብረ ኪዳን ቤት ፊት ለፊት ዳስ ተጥሎ ሰው ተቀምጧል። አባ ወልደ ሰንበት በስተርጅና በበቅሎ ተጭነው ከደብረ ወርቅ መጥተዋል። ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ካሰች ጊታሩን በባሏ ጋቢ ጠቅልላ አወጣችና ፋንታ እግር ሥር አኖረችው። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ባላጋራውን ፈጣሪው ጠርቶታል፤ ነገሩም በስሏል» አሉ። «ለፋንታ ፈርጃለሁ። መጀመሪያ የቢቸና ነው። ይዘኸው ግባ ልጄ።»

ዳሱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይገባዋል አሉ፤ እውነቱን ነበር አሉ። በየርክክቡ ሲሰድቡት የኖሩት፣ አውቶቡሱን የገፉት የሞጣ ሰዎች ሳይቀሩ፣ በሐዘኔታ አንገታቸውን ደፍተው ረትተሃል አሉት።

ፋንታ ያን ሁሉ ዓመት ይህችን ቃል ሲጠብቅ ኖሯል። አሁን መጣች። ከእንግዲህ ደብረ ወርቅ ርክክብ የለም። የረታ ሰው ጊታሩን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሞጣም ተመልሶ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም። የተዘጋ ነገር የተዘጋ ነው፤ ገብረ ኪዳን ደግሞ እንዲህ በአንድ ቃል ሊዘጋ ነው።

ተነሣ። ጋቢውን አጣፋ።

«ይግባኝ» አለ።

አባ ጆሯቸውን አቀኑ። «አንተ እኮ ነህ የረታኸው።»

«የምጠይቀው ለሞጣ ነው አባቴ። እሱ መቅረብ ስላልቻለ ወክዬው ቆሜያለሁ።»

አባም ተናገር አሉት። ፋንታም የገብረ ኪዳንን ሙግት ከሥሩ ጀመረ። ሙሽራዋን አመጣ፤ የዓባይን ድልድይ አመጣ፤ አውቶቡስ የገፉትን በየስማቸው ጠርቶ ካሉበት አስቆማቸው። ገብረ ኪዳን እጁን የሚያወናጭፍበትን ቦታ ሳይቀር አወናጨፈ። አንዳንዱ ሳቅ አመለጠውና አፉን በጋቢው ያዘ። ልጅ ተወለደ የሚባለው ሲያለቅስ ነው የምትለው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ተሰበረ።

«ቢቸና ላይ አላለቀሰም» አለ። «ማንም አልሰማውም።»

ከልማድ የተነሣ መልስ ለመስማት ዞረ። ከፊቱ የቆመ ሰው የለም። እንደዚያ ዞሮ ቀረ፤ ሰዉም ዓይኑን ሰበረ።

«ተጠየቅ» አለ አንድ ድምፅ ከሴቶቹ በኩል።

ካሰች ናት። ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ቆማለች።

«ልጠየቅ» አለ ፋንታ በጭንቅ።

«ማንም አልሰማውም ያልኸው ሐሰት ነው አያ ፋንታ። ባሌ ሰምቷል። ሞጣ የገባችሁ ዕለት፣ ቢቸና ላይ በመንጋጋዬ ገብቶ ደረቴ ውስጥ ተቀመጠ ብሎ ነገረኝ። ታዲያ ኋላ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጨቃጨቁ ለምን አትነግረውም ብዬ ብጠይቀው፣ ሰማሁ ካልሁት እኮ ሙግቱ ያልቃል አለኝ። ሙግቱ ካለቀ ፋንታ ሞጣ ምን ሊሠራ ይመጣል? አለኝ።»

ፋንታ የፈለገው ምስክር ይኸው ቀረበ፤ እሱ ደግሞ ዛሬ የሞጣ ጠበቃ ነው። አደራ ይዟል።

«የሰሚ ሰሚ ነው» አለ፤ «አይያዝም።»

«እንግዲያው አንተው ስማ» አለች ካሰች።

ጋቢውን ፈትታ ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደመችው። የሐዘን ቤት ነው፤ ክር አይመታም። ሰዉ አባን አየ፤ አባ ደግሞ በቅሏቸውን ያዩ ጀመር። ፋንታ ያን ሁሉ ዘመን መቺ ነበር እንጂ አንድ ቀን ጆሮውን አስደግፎት አያውቅም። ተንበረከከ። ጉንጩን እንጨቱ ላይ፣ ገብረ ኪዳን መንጋጋውን ሲያኖርበት የነበረ፣ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ አሳረፈ። ካሰች ወፍራሙን ክር ሳበች።

ዳሱ ውስጥ ማንም አንዳች አልሰማም። በደጅ የበቅሎዋ ልጓም ተንቃጨለ፣ ያ ብቻ። ፋንታ ግን ዓይኑን ጨፈነ። ከእንጨቱ ሆድ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ አንድ ከባድ ሰው በእርጋታ ሲራመድ መጣ፤ በመንጋጋው በኩል ገባ፤ ደረቱ ውስጥ ቆመ። ካሰች ደግማ ሳበችው። ደግማ። ፋንታ አልተነሣም።

«ሰማህ?» አለችው በመጨረሻ።

ፋንታ ቀና አለ። ውኃው ከፂሙ ይንጠባጠባል። ላቤ ነው ሊል ይችል ነበር፤ ማንም አይከራከረውም ነበር።

«ምንም» አለ።

አባ ወልደ ሰንበት መሬቱን በመቋሚያቸው መታ አድርገው «ቀጠሮ» አሉ።