የዘገየው እስክስታ

ሥራውን አስረክቦ በሰላም የሚተኛ ባለሙያ እስካሁን አልተወለደም። ልብስ ሰፊ እንኳ የሰፋልህን ሱሪ ለብሰህ መንገድ ላይ ቢያገኝህ፣ ሰላም የሚለው ስፌቱን ነው። የሁሉም አለቃ ግን በእስራኤል የቂርያት ጋት ከተማው የሠርግ ቪዲዮ ሊቅ፣ ክቡር አርቲስት ሸጋው ነው።

ሸጋው ሰው ቤት ገብቶ ድሮ የቀረጸው ሠርግ ተከፍቶ ካገኘ፣ ቴሌቪዥኑን በጀርባው ይጋርዳል። «እሱን አትዩት! ያኔ ለማጅ ነበርኩ!» እውነቱን ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ጌጥ ሁሉ ካልተጠቀመ ሠርግ ያስረከበ አይመስለውም ነበር። አዳራሹን በፏፏቴ አጥለቅልቋል፤ አንዷን ሙሽራ እርግብ በአፏ አስገብቶ በጆሮዋ አስወጥቷል። አማቷ እስከ ዛሬ የበረከት ምልክት ነው ይላሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን እስክስታው ነው። ከበሮው እየተጣደፈ፣ ጨፋሪው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይንሳፈፋል። «እስክስታ በዝግታ! ምን ነክቶኝ ነው?» ስለዚህ ከፋብሪካ ፈረቃው ሲወጣ የድሮ ሥራዎቹን ያርም ጀመር። አዲሱን ይሰጣል፣ አሮጌውን ዲስክ ወስዶ ይሰብራል።

እንዲህ እያለ እማማ ይታይሽ ቤት ደረሰ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለቤታቸው ተፈራ በልጃቸው በሜይታል ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ ቀርጿቸዋል። ሲንቀሳቀሱ የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነው።

የታረመውን ከፈተላቸው። ተፈራ ብቅ አሉ፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጉ፣ ጠፉ።

«የት ሄደ?» አሉ እማማ ይታይሽ።

«ጨፍረው ወጡ እኮ። ትክክለኛው ፍጥነት ይኸ ነው።»

«እስቲ መልሰው።»

መለሰው። ተፈራ ብቅ ከማለታቸው እማማ እጃቸውን ዘረጉ። «ረጋ! ረጋ!»

ሸጋው ምስሉን ቀጥ አደረገው። የሰማው የዕብራይስጡን «ረጋ» ነው፤ «አንዴ ቆይ» ማለት።

«ምነው ገተርከው? ረጋ ይበል አልኩ እንጂ! ምን አስቸኮለው? በፊተኛው እኮ አንዴ ትከሻውን እስኪያነሣ ወጤን አማስዬ እመለስ ነበር።»

ሸጋው ሊሰብረው የወሰደውን አሮጌ ዲስክ ከቦርሳው አውጥቶ ከፈተው። የፏፏቴው ሰማያዊ ብርሃን ሳሎኑን ሞላው። ተፈራ ትከሻቸውን አነሡ፤ ትከሻቸው አየር ላይ ሰንብቶ ወረደ። መሀል ላይ ከካሜራው አጠገብ ወደቆመ ሰው ዘወር አሉ፤ ፈገግታም እንደ ንጋት ቀስ እያለ ፊታቸው ላይ ወጣ። በትክክለኛው ፍጥነት ይህን ሸጋው ራሱ አላየውም። ያን ዕለት አጠገቡ ቆመው፣ እልል እያሉ ክርኑን ሲገፉ ያስቸገሩት እማማ ይታይሽ ነበሩ።

ቢሆንም እጁ አያርፍም። «እማማ፣ ትንሽ ልጨምርበት?»

«ምኑን?»

«ዝግታውን።»

«ተው ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከተፈራ ሳይነቅሉ፤ «ከዚህ በላይ ከዘገየማ እስክስታውን ሳይጨርስ እደርስበታለሁ።»