የደሴቱ ፋኖስ ጡረታ

አሮጌ ነገር መሸኘት እናውቅበታለን። ጋቢ እናለብሳለን፣ ንግግር እናደርጋለን፤ ተሸኚው ምን ይሠራ እንደነበር ግን የሚጠይቅ የለም። ፋኖስም እንዲህ ጡረታ ሲወጣ ያየሁት ከነቀምቴ ተመድቤ «ባርሲሳ»፣ ማለትም መምህር፣ እየተባልኩ ባስተማርኩበት ደሴት ነው።

በወለጋ ምን ደሴት አለ እንዳትሉኝ። የፊንጫ ግድብ ሲሞላ ሜዳው ሰጠመ፣ ኮረብታው ብቻውን ቀረ፤ በቃ፣ ደሴት ሆነ። የሰጠመው ዛፍ ጉቶ ዛሬም ውሃው ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ ጉቶ በሌለበት ዳር ፋኖስ ይሰቀላል፣ ከገበያ የሚመለስ ጀልባ ወደ ብርሃኑ ይቀዝፋል። ላምባውን መንደሩ በተራ ያዋጣል፤ የሚያበሩት ሽማግሌው ኦቦ ጉደታ ነበሩ።

አንድ ቀን በፀሐይ የሚሠራ መብራት የያዙ ሰዎች መጡ። ለሁሉም እንዲታይ ተብሎ ምሰሶው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት፣ ማለትም ጉቶ ከሞላበት ዳር በላይ ተተከለ። ጉቶውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሌላው ይናገራል ብለን ዝም አልን። ፋኖሱ በጭብጨባ ወረደ። ላምባ የሰለቻቸው ኦቦ ጉደታም አጨበጨቡ።

ብዙም ሳይቆይ ጭጋግ በወረደበት አመሻሽ አንዲት ጀልባ እንደ ልማዷ ወደ ብርሃን ቀዘፈች። ጉቶው ሆዷን ቀደደው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጉቶው ላይ ተንጠላጥለው ተረፉ፤ የኦቦ ጉደታ ባለቤት አዴ ጫልቱ ግን ሰጠሙ። ለቅሶው ላይ ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ባርሲሳ፣ እኔም እኮ አጨብጭቤ ነበር» አሉኝ።

ምሰሶውን ለማንሳት ከላይ ትእዛዝ ያስፈልጋል ተባለ። ፋኖሱን መልሶ መስቀልም «ሁለት መብራት ያደናግራል» ተብሎ ቀረ። ባትሪው እንዳይሰረቅ ጥበቃ መቅጠር ግን ይቻላል፤ ኦቦ ጉደታ ተቀጠሩ። ጭጋግ ሲወርድ ከመብራቱ ሥር ቆመው ድምፃቸው እስኪዘጋ «አስ ሚቲ! አስ ሚቲ!» ይላሉ፤ እዚህ አይደለም ማለታቸው ነው። መብራቱ ኑ ይላል፣ ጠባቂው አትምጡ ይላሉ። ጀልባዎቹ ከድምፁ ሸሽተው በሰላም ይገባሉ።

በቀደም ነቀምቴ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ደሴቱ ከአደጋ ነፃ መሆኑን አበሰሩን። ምስጋናው ለመብራቱ ነው። መብራቱም በራሱ ስለሚበራ ጠባቂው ወጪ ለመቀነስ ይሰናበታሉ አሉ።

ወጥቼ ለኦቦ ጉደታ ደወልኩና ነገርኳቸው።

«ባርሲሳ፣ ጭጋጉንስ አሰናበቱት?» አሉኝ።