የጨው ውሃው አባወራ

ታላላቅ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው ይናወጣል ይባላል። የእኚህ ሰው ነገር ግን የተለየ ነበር። የሲሚንቶ መጋዘን ኃላፊነታቸውን ባስረከቡ ማግስት መጋዘኑ ደህና አደረ፤ የተናወጠው ቤታቸው ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያዝዝ የኖረ ሰው የሚያዝዘው ሲያጣ ፊቱን ወደ ማዕድ ቤት ያዞራልና፣ እሳቸውም አዞሩ። የድስት ክዳን በየትኛው እጅ መነሣት እንዳለበት፣ ፎጣ በየት በኩል መታጠፍ እንዳለበት፣ ሽንኩርት ከራሱ ይከተፋል ወይስ ከእግሩ የሚሉትን፣ ትውልድ ሁሉ ችላ ብሏቸው የኖሩትን ከባድ ጥያቄዎች አንድ በአንድ መለሷቸው።

ባለቤታቸው አዋላጅ ናት። ሴት ስታዋልድ ውላ ቤቷ ስትገባ፣ ስለ ሽንኩርት እግር መመሪያ የምትሰማበት ጆሮ አልተረፋትም። አንድ ቀን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ እባክህ ከዚህ ቤት ውጭ የምታዝዘው ሰው ፈልግ አለቻቸው። እሳቸውም ምክር የሚሰሙ ሰው ስለነበሩ ፈለጉ። አስታራቂ ሆኑ።

የተጣላ ባልና ሚስት የሌለበት ሰፈር የለምና ሥራ አልጠፋም። የአስታራቂው ፍልስፍና አጭርና ግልጽ ነበር፦ ቤት ሁለት ራስ ካለው ዘንዶ ነው፤ ስለዚህ ሚስት ይቅርታ ትጠይቅ፣ ባል ይቅር ይበል። ጠቡ በባል መጠጥ ቢነሣም፣ በባል ዱላ ቢነሣም ፍርዱ ያው ነው፤ አድልዎ የሚባል ነገር አያውቁም። ማስታረቃቸውም የተዋጣለት ነበር። አንድም ባልና ሚስት ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ደጃቸውን አልረገጠም።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ምላሰኛ ሚስት፣ “ጋሼ፣ ይሄ ሕግ የት ነው ያለው?” ብላ ጠየቀቻቸው። አስታራቂው ሳል ያዛቸው። የሳሉትም ሳል ረጅም ነበር። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጡ። ምስክር ያስፈልጋል፤ ያውም ሰው ያልሆነ፣ ጉቦ የማይበላ፣ ሚስት የማትሰድበው ምስክር። መፍትሔው የተገለጠላቸው ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው ወረፋ ሲጠብቁ ነው። እዚያ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ዓሦች ተከታትለው ይዋኛሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፣ የሚጨቃጨቅ የለም። ተፈጥሮ ራሷ ትመስክር! አስታራቂው ጥርሳቸውን ሳያስነቅሉ ተመለሱ።

ሣጥኑ ተገዛ። ትንሽ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጠ። ውሃው ግን የጨው ውሃ እንዲሆን አስታራቂው አጥብቀው ያዙ። ከወንዝ የመጣ ዓሣ የገጠር ዘመድ እንደማለት ነው፤ የባሕር ዓሣ ቃሉ ይከብዳል አሉ። ጨው ተበጠበጠ፣ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጥግ ላይ አንዲት የሸክላ ማሰሮ በጎኗ ተጋደመች። ከዚያ ሣጥኑን የሸጠላቸው ዓሣ ሻጭ፣ ውሃው ተረጋግቶ ለዓሣ እስኪስማማ፣ በእሱ አነጋገር እስኪበስል ድረስ ለሳምንታት ምንም ዓሣ እንዳይገባበት አስጠነቀቀ። አስታራቂውም ወንበራቸውን አስጠግተው ባዶ ውሃ ይጠብቁ ጀመር። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ።

“ዓሣው የታለ?”

“ውሃው እየበሰለ ነው።”

“እሳቱስ የታለ?” ያለ ጎረቤት ከዚያ በኋላ ሰላምታ ተከልክሏል።

ውሃው በሰለ ተባለና ምርጫው ደረሰ። ዓሣ ሻጩ ደንበኛ ያለውን ሁሉ “ልክ ነዎት” በማለት ሱቅ ያቆመ ሰው ነው። መጀመሪያ አንድ ሰማያዊ ዓሣ አሳየ፤ ለጀማሪ የሚሆን፣ በቀላሉ የማይሞት። ዓሣው አብረውት ያሉትን ሁሉ ጥግ አስይዞ ሲያበቃ መስታወቱ ላይ ያረፈውን የአስታራቂውን ጣት ለመንከስ ተንደረደረ። ጀግንነቱን ወደዱለት፤ ነገር ግን ሁሉን አባሮ ብቻውን የቀረ አባወራ ሳይሆን ወንደላጤ ነው ብለው አለፉት። ቢጫው፣ ሰፋፊው ዓሣ ደግሞ ሰፊ ቦታ ካላገኘ ይታመማል ተባለ። ሰፊ ቦታ የሚወድ ባል ማታ ቤቱ አይገባም፤ ተዉት። ሦስተኛው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እንዲህ ያለውን ባል እንኳ ብዙ ጊዜ አስታርቀዋል።

በመጨረሻ ሁለቱን አዩ። ብርቱካናማ ናቸው፤ ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። ትልቁ ከፊት ይንጎራደዳል፤ ትንሹ ከኋላ ከኋላ ይላል። ትልቁ ዘወር ብሎ ሲያየው ትንሹ በጎኑ ዘንበል ብሎ መላ ሰውነቱን ያንቀጠቅጣል። አስታራቂው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ መከባበር ካዩ ስንት ዘመናቸው!

“ወንዱ የትኛው ነው?”

“እርስዎ የትኛው ይመስልዎታል?” አለ ሻጩ።

“ትልቁ ነዋ!”

“ዓይን አለዎት፣ ጋሼ።”

ዓሦቹ ቤት የገቡበት ሥነ ሥርዓት ሊረሳ የማይገባ ነው። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ እንዳይደነግጡ ሬዲዮ ዝም ተባለ። ዓሦቹ ያሉበት ላስቲክ ከነውሃው ሣጥኑ ላይ ተንሳፈፈ፤ ሙቀቱን እስኪለምዱ። ከዚያ በቀጭን ቱቦ የሣጥኑ ውሃ ወደ ላስቲኩ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር፤ ጨውን እስኪለምዱ። አስታራቂው ጡረታ ሲወጡ የለበሱትን ሙሉ ልብስ ለብሰው ንግግር ያደርጋሉ። “ክቡር አባወራ ሆይ፣ ወደ ቤትዎ እንኳን ደህና መጡ። አይቸኩሉ፤ ሁሉም ቀስ በቀስ ይለመዳል።” ባለቤታቸው ከሥራ ስትገባ ባሏ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ላስቲክ ሲያወያይ አገኘችው።

“ምን እየሆነ ነው?”

“ዝም በይ፣ አዲስ ሰው ናቸው። ዛሬ አይነኩም፣ አይጠየቁም፣ ምንም አይታዘዙም።”

ጥቂት ቆማ አየች። “እኔ ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት የገባሁ ዕለት፣” አለች፣ “እናትህ የተቀበሉኝ ድስት አስጨብጠው ነው።”

አስታራቂው ጠብታው እንዳይበዛ ቱቦውን ያዝ አደረጉ። ጠብታ መቁጠር ከባድ ኃላፊነት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትልቁ ዓሣ በቤቱ ውስጥ “እሳቸው” እንዲባሉ ታዘዘ። አስታራቂውም ባልና ሚስት በመጣ ቁጥር ሣጥኑ ፊት አስቀምጠው፣ እኚህን አባወራ ተመልከቱ፣ ሚስታቸውንም ተመልከቱ ይላሉ። ምላሰኛ ሚስቶች ሁሉ ዝም አሉ። ከባሕር ጋር ማን ይከራከራል?

ወራት አለፉ፤ አባወራው ሆዳቸው ገፋ።

“እኚህ ሰውዬህ ሆዳቸው አላማረኝም፤ እኔ እንዲህ ያለ ሆድ በየቀኑ ነው የማየው” አለች አዋላጇ።

“የሥልጣን ሆድ ነው። አንቺ ደግሞ ሥልጣን የት ታውቂያለሽ?”

አዋላጇ ሳቀችና ተወችው። ትንሹ ዓሣ በበኩሉ ማሰሮዋን በአፉ ይፈትግ፣ ይጠርግ ያዘ። አስታራቂው ይህንንም ለባለጉዳዮች አሳዩ፤ ጎበዝ ሚስት ሳይነገራት ቤቷን ታጸዳለች።

የአንድ ልብስ ሰፊ እናት የመጡት ይኼኔ ነው። እኚህ እናት ልጃቸውን፣ ምራታቸውንና ጡጦ ያልጣለ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ሳሎኑን ሞሉት። ክሳቸው ከባድ ነበር። ምራቲቱ የጭነት መኪና ሹፌር ናት፤ ሲሚንቶ ጭና ሩቅ መንገድ ወጥታ ትከርማለች። ልጃቸው ደግሞ ቤት ውስጥ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይሰፋል፤ ሕፃኑንም በጡጦ ያጠባል፣ ያስተኛል፣ ጨርቁን ያጥባል። ማጠቡስ ባልከፋ፣ ሰው እያየው ያሰጣል። ልጄን ሴት አደረገችብኝ አሉ እናት። ወይ መኪናውን ትመልስና ቤቷ ትቀመጥ፣ አለዚያ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።

አስታራቂው ወደ ባልና ሚስቱ ዞሩ። “በምንድን ነው የተጣላችሁት?”

“እኔ አልተጣላሁም፣ ጋሼ” አለ ልብስ ሰፊው።

“እኔም” አለች ሹፌሯ።

አስታራቂው ተቆጡ። ሳይጣሉ እንዴት ይታረቃሉ? ሥራ በሥርዓት ነው የሚሠራው። ቢሆንም ለእናትየው ሲሉ ጉዳዩን ተቀበሉትና ፍርዱን ሰጡ፤ ሹፌሯ መኪናውን ለአሠሪዋ ታስረክብ፣ ቤት ትዋል፣ ባሏ ወጥቶ ወንድ የሚውልበት ቦታ ይዋል። ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ። ስድስት ልጆች ብቻዋን ላሳደገች እናት እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? ሹፌሯ የመኪናውን ቁልፍ ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ያን መሪ የጨበጠችው እንዲህ በዋዛ አልነበረም፤ ረዳት ሆና ጎማ ስትፈታ ዓመታት አልፈዋል። አልጮኸችም፤ እንባዋ ብቻ ቁልፉ ላይ ጠብ አለ።

“አታልቅሺ፣ ልጄ” አሉ አስታራቂው በርኅራኄ። “ይልቅ ተነሺና እይ። ሁላችሁም ተነሡ።”

ሁሉም ሣጥኑ ፊት ቆሙ። አስታራቂው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አባወራ ማለት እኚህ ናቸው። ይመራሉ፣ ያዝዛሉ፣ ይከበራሉ። እስኪ የማሰሮዋን ነገር ተመልከቱ፤ ሚስት ያጸዳችውን ቤት እየዞሩ ይቆጣጠራሉ፤ እንዴት ሆዳቸውን እያስጠጉ፣ በእርጋታ…”

አዋላጇ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር። ጎንበስ ብላ አየች። ከአባወራው ሆድ ሥር ብርቱካናማ ፍሬ አንድ በአንድ እየወጣ ማሰሮዋ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ መስመር ሞልቶ ሁለተኛው ተጀምሯል። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሥራ ድምፅዋ ተናገረች።

“አባወራው እየወለዱ ነው።”

የሣጥኑ ፓምፕ ብቻ ይንዶቀዶቃል። ትልቋ ዓሣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ጅራቷን ነቅንቃ፣ ምግብ ፍለጋ ወደ ላይ ወጣች። ትንሹ ወዲያው እንቁላሎቹ ላይ ደረሰ፤ በክንፉ ያራግባል፣ በአፉ ይጠርጋል፣ ዞር ብሎም አያይም።

“ይቺ ትንሿ ምን እያደረገች ነው?” አሉ እናትየው።

“ትልቋ ከወለደች፣ ትንሹ ማን ሊሆን ነው፣ እማማ?” አለች አዋላጇ። “ባልየው ነው። ልጆቹን እየጠበቀ።”

እናትየው መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ፊታቸውን አስጠጉ። ትንሹ ዓሣ ያራግባል። “እኔ ስድስት ወለድኩ” አሉ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። “አባታቸው አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ ይቺን ልጅ ልያዝልሽና አረፍ በይ አላለኝም።”

ሕፃኑ አለቀሰ። ልብስ ሰፊው ከእናቱ ፊት ልያዘው ልተወው እያለ ሲያመነታ፣ እናትየው ቦርሳቸውን ከፍተው የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጡና ዘረጉለት።

“በዚህ ቀይረው። ያንተው ይሻክረዋል።”

ሻዩን ጠጥተው ሄዱ። ሹፌሯ በዚያው ቀን ጭነቷን ይዛ መንገድ ወጣች ተባለ። አስታራቂው ፍርዳቸውን አልሻሩትም፤ የጠየቃቸው ሰው አልነበረምና።

ይልቅ ኮታቸውን ለብሰው ዓሣ ሻጩ ዘንድ በረሩ። ወንድ ብለህ ሴት ሸጠህልኛል፤ ይህ ማጭበርበር ነው አሉት። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደንበኛ ጋር አልተስማማም።

“እኔ አልዋሸሁም፣ ጋሼ። ጥፍር የሚያክሉ ሆነው ሲመጡ ሁለቱም ወንድ ነበሩ። የእነዚህ ዓሦች ነገር እንዲህ ነው፤ በቤቱ ላይ አለቃ የሆነው ሴት ይሆናል።”

“ወንድ የነበረው?”

“ወንድ የነበረው።”

“ፈቅዶ?”

“ማን ይጠይቀዋል? ማዘዝ ሲያበዛ ይለወጣል፤ በቃ።”

አስታራቂው ባንኮኒውን ያዙ። “ስንት ዓመት ቢያዝዝ ነው የሚጀምረው?”

“እሱን እንጃ” አለ ሻጩ። “ቀስ በቀስ ነው ይላሉ። መጀመሪያ አይታወቅም።”

አስታራቂው ቤታቸው ሲደርሱ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቆለፉ። መስታወት ፊት ቆመው አገጫቸውን ዳሰሱ፣ ወደ ጎን ዞረው ሆዳቸውን አዩ፣ “እህ፣ እህ” ብለው ድምፃቸውን ሞከሩ። መጋዘኑን አሰቡት። ከመጋዘኑ በኋላ ያለውንም አሰቡት። ሲወጡ ባለቤታቸው ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ከየት በኩል እንደጀመረች አላዩም።

“የሚታጠብ ዕቃ ካለ…” አሉ በቀጭን ድምፅ። ቅጥነቱ ራሳቸውን አስደነገጣቸውና ወዲያው በወፍራሙ ደገሙት።

አዋላጇ ትኩሳት እንዳለባቸው ለማየት ግንባራቸውን ነካች።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ማንም ማንንም አዝዞ አያውቅም። ሰፈሩ ይህን ታላቅ ለውጥ አይቶ ተደነቀ፤ አስታራቂው ከተፈጥሮ ትሕትናን የተማሩ ጠቢብ ናቸው ተባለ፤ ስለ ባልና ሚስት እኩልነት ንግግር እንዲያደርጉ በየስብሰባው ይጋበዛሉ። ይሄዳሉም። ሰዉ አጨብጭቦ መድረክ ላይ ሲያወጣቸው፣ እባክዎ ከመሃል ይቀመጡ ሲላቸው፣ ስብሰባውን ይምሩልን ብሎ ሲለምናቸው፣ አስታራቂው አገጫቸውን ዳሰስ አድርገው ጠርዝ ያለችውን ወንበር ይመርጣሉ።

ሰዉ ትሕትና ነው ይላል። እሳቸውም ይላሉ።