ጋሼ ያረሙት ሰዓት

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ዌብሳይት መሥራት ከቪዲዮ ለቃቅሜ ተምሬ የእህቴን የሠርግ ገጽ ሠራሁ፤ የተጠቀምኩበት ዝግጁ ቴምፕሌትም ሰዓቱን 16፡00 ብሎ አወጣው።

ለመሆኑ ሳይጠሩት የሚያርም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔስ አጎት አድርጎ ነው የሰጠኝ። ጋሼ ተፈራ የእንግዶች ስም እንዲያስገቡ ፓስወርድ ብሰጣቸው፣ "አሥራ ስድስት ሰዓት የሚባል ደግሞ ከየት መጣ? አሥር ሰዓት አይደል እንዴ!" ብለው ሳይነግሩኝ 10፡00 አደረጉት።

አበሻውማ ከሰዓት በኋላ መሆኑን ያውቃል። ፈረንጆቹ የእህቴ ባልደረቦች ግን ካፒቶል ሂል ሰፈር ከሚሠሩበት ሬስቶራንት ፈቃድ ለምነው፣ ስጦታቸውን ታቅፈው፣ በጠዋት ሬኒየር ቢች ሰፈር ካለው የሠርጉ አዳራሽ በር ላይ ተሰለፉ። በሩ ተቆልፏል! ለእህቴ ደወሉላት። እህቴ ራሷ ላይ ቢጎዲን እንደሞላ ጮኸች፤

"ይሄዱብኛል! እዚህ አገር ከእነሱ ሌላ ጓደኛ አለኝ?"

ገጹን ብከፍት 10፡00 ይላል። በአንዲት ቁጥር ሠርግ ይበላሻል?

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ?"

"አረምኩልሽ እንጂ ምን አደረግኩ!"

ከዚያ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። እንግዶቹን በሁለት ዙር ቱክዊላ ወዳለው የራሳቸው ቤት ወሰዱ፤ ፍርፍር አበሏቸው፤ ሠርጉ ሲጀመርም ራሳቸው መልሰው አመጧቸው።