ቻርጅ ያለቀበት ሽማግሌ

[ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደው መንገድ። ደብረ ብርሃን ላይ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ኢስሀቅና ጎረቤቱ፣ ጡረተኛው ጋሼ ወልደአረጋይ፣ ብስክሌቶቻቸውን አቁመው ይከራከራሉ። የኢስሀቅ ብስክሌት ላይ ሁለት ስልክ፣ ሁለት መብራት፣ ሦስት ፓወር ባንክና አንድ ድምፅ ማጉያ ታስሯል።]

ወልደአረጋይ፦ የጆሮዬን መስሚያ ከቻርጅ ነቅለህ ሬዲዮ ሰካህበት?

ኢስሀቅ፦ ሬዲዮ አይደለም ጋሼ፣ ድምፅ ማጉያ ነው።

ወልደአረጋይ፦ እኔ ካልሰማሁ ለማን ልታጎላው ነው?

ኢስሀቅ፦ ይኼ የቴክኖሎጂ ጉዳይ ነው፤ ለኔ ይተዉት። ጎማው ሲዞር ዲናሞው ይዞራል፤ ዲናሞው ሲዞር ኃይል ይመነጫል። አሊዩ አምባ እስክንደርስ ሁሉም ጢም ይላል።

ወልደአረጋይ፦ ከደብረ ብርሃን ስንነሳም አንኮበር እስክንደርስ ብለህ ነበር።

ኢስሀቅ፦ እሱማ ሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ነፋሱ እየመለሰን እንዴት ይሙላ?

ወልደአረጋይ፦ ዳገቱ ላይስ?

ኢስሀቅ፦ ዳገቱን እየገፋን ወጣነው። የሚገፋ ብስክሌት ቻርጅ አያደርግም።

ወልደአረጋይ፦ አሁን ቁልቁለቱ ላይስ?

ኢስሀቅ፦ አሁን ፍሬኑ ስለጋለ ቆመናል።

ወልደአረጋይ፦ ገባኝ። ሜዳ፣ ዳገትና ቁልቁለት ካልሆነ በስተቀር የትም ይሠራል ማለት ነው።

ኢስሀቅ፦ ይኼን ለመሥራት ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ ቢያውቁ አይቀልዱም።

ወልደአረጋይ፦ እሱን ሚስትህን ሀፊዛን ጠይቃት። ፍሪጁን እየነቀልክ ኮተትህን ስትሰካ ስንት ጊዜ ቻለችህ? በመጨረሻ ሥጋው ሸተተ፤ እሷም ሻንጣዋን ይዛ አባቷ ዘንድ ወረደች።

ኢስሀቅ፦ ለሱ አይደል እርስዎን ሽማግሌ አድርጌ የምወስደው? እኔ በር ላይ እቆያለሁ። እርስዎ አባቷ ሐጂ ጃፈር የሚሉትን በደንብ ይሰሙና እያንዳንዷን ተከራክረው ይመልሱልኛል።

ወልደአረጋይ፦ በምን ልስማ? [ከጆሯቸው ጢጥ የሚል ድምፅ ይወጣል።] ይኸው ጠፋ።

ኢስሀቅ፦ ቆይ፣ አሁን እሰካዋለሁ። ገመዱን ያቀብሉኝ።

ወልደአረጋይ፦ ዘመዱማ ሁሉም እዚያው ተሰብስቦ ይጠብቀናል።

ኢስሀቅ፦ [ዕቃውን እየነካካ] አሃ፣ ዲናሞው ነው የተበላሸው።

ወልደአረጋይ፦ ዲያቆን? ሐጂ ጃፈር ቤት ዲያቆን ምን ሊሠራ ይመጣል?

ኢስሀቅ፦ [ለራሱ] ያ ረቢ፣ ትዳሬን ለማይሰማ ጆሮ ላስረክብ ነው።

[ከሁለት ሰዓት በኋላ። አሊዩ አምባ፣ የሐጂ ጃፈር ግቢ በር። ኢስሀቅ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋሼ ወልደአረጋይ ከቤት ይወጣሉ።]

ኢስሀቅ፦ እህስ ጋሼ፣ እርቁስ?

ወልደአረጋይ፦ አረቄ? የሐጂ ቤት አረቄ ከየት ይመጣል?

ኢስሀቅ፦ መልሱን፣ የሐጂን መልስ ነው የምልዎ።

ወልደአረጋይ፦ ምላሱን? ምላሱማ ምላጭ ነው።

ኢስሀቅ፦ [ፊቱን አዙሮ፣ ለራሱ] አለቀልኝ። አንዲት ቃል አልሰሙም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት ስገባ የማዋራው ሰው የለኝም፤ ዛሬም ባዶዬን ልመለስ ነው።

[ሀፊዛ ሻንጣዋን ይዛ ብቅ ትላለች።]

ኢስሀቅ፦ ሀፊዛ፣ ልትመለሺ ነው?

ሀፊዛ፦ ጋሼን ማን እምቢ ይላቸዋል? አባቴ “ባልሽ ጉረኛ ነው” ሲል በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ሰው አያዳምጥም” ሲል ነቀነቁ። “ከሚስቱ ስልኩን ያስበልጣል” ሲል ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። “የባልን ጥፋት የማይሸፍን ሽማግሌ ገና ዛሬ አየሁ፤ እሳቸው ካሉበትስ ሂጂ” አለኝ።

ኢስሀቅ፦ [እየሳቀ] አየሽ የኔን ብልሃት? መስሚያቸው ቢሠራ ኖሮ ሲከራከሩልኝ ነገሩን ያበላሹት ነበር። ያስታረቀን ዲናሞው ነው።

ሀፊዛ፦ ዲናሞህ ከነብስክሌቱ አንድ ዓመት አባቴ ዘንድ ይቆያል። እሱም ላይ ነቅንቀዋል።

ኢስሀቅ፦ እሱማ አይቆጠርም። ያልሰማ ሰው እንዴት ይስማማል?

ሀፊዛ፦ ማን አልሰማም? ገና ሲገቡ መስሚያቸውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። የአባቴ ሰላምታና ዱዓ እስኪያልቅ በቂ ሞላ።

ኢስሀቅ፦ [ቀስ ብሎ ወደ ሽማግሌው እየዞረ] ጋሼ፣ ይሰማሉ?

ወልደአረጋይ፦ ጥርት አድርጌ፤ እርቁንም መልሱንም።

ኢስሀቅ፦ እየሰሙ ታዲያ ለምን አልተከራከሩልኝም?

ወልደአረጋይ፦ ስለሰማሁ ነዋ።