የጋሼ ማጠናከሪያ አጭር ንግግር

አብዮት በመጣበት አገር ሁሉ ዳቦ ይጠፋ ይሆናል እንጂ፣ ስብሰባ ላይ «አንድ አጭር ማጠናከሪያ አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ይህ ሰው ክቡር ጋሼ ማጠናከሪያ ነበሩ። ደመወዝ የሚከፈላቸው የሽመና መኪና ለመጠገን ነው፤ የሚያመርቱት ግን ንግግር ነው።

በማቅለሚያ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ዓይናቸውን ማየት አትፈልግም ነበር። በየሐሙሱ ስብሰባ አንድ ሠራተኛ «የድሮው ሥርዓት ናፋቂ» ተብሎ ይቀርባል፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ክሱን ያነባል፤ ክቡርነታቸው ተነስተው ያጠናክራሉ፤ እጅ ይወጣል፤ ሰውየው ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ይጣላል። ዘበኛውን አጠናክረው አስባረሩ። የመጋዘኗን ሠራተኛ፣ ያውም እርጉዝ ሆና፣ አጠናክረው አስባረሩ። «ምላሱ ይቆረጥ!» ትል ነበር የማቅለሚያዋ ሴት፣ ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ።

ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ። ጥፋቷ፣ ቀለሙ እጇን ልጦ ሲጨርሰው «ድሮ እኮ ጓንት ይሰጠን ነበር» ማለቷ ነው። «ድሮ» አለች፤ በቃ። ሦስት ልጆች የሚያድሩት በእሷ ደመወዝ ነው።

ሊቀመንበሩ ክሱን አንብቦ ሲቀመጥ ጋሼ ማጠናከሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ አጭር ማጠናከሪያ አለኝ።»

ደሟ ፈላ።

እሳቸው ግን ከጭቆና አመጣጥ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ጥጥ አለፉ፤ ጥጡን ዘሩት፣ ለቀሙት፣ ፈተሉት። ጓንቱ ጋ ሊደርሱ ሲሉ «በነገራችን ላይ» ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። ሊቀመንበሩ «ጋሼ፣ ቢያሳጥሩት» ሲላቸው «አብዮቱ ይጠር ነው የምትለው?» ብለው አፈጠጡበት፤ ሰውየውን ላብ አጠመቀው። አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሠራተኛ ሰርቪሱ ክላክስ ሲያሰማ አዳራሹ ተግተልትሎ ወጣ፤ ሰርቪስ ያመለጠው ሁለት ሰዓት በእግሩ ነው። ለድምፅ የሚበቃ ሰው አልቀረም። በዕለቱ ያልተወሰነ ክስ ደግሞ ውድቅ ነው፤ ደንቡን የጻፈው ራሱ ሊቀመንበሩ ነበር።

ሰርቪሱ ሁለቱንም አመለጣቸው። በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ሲሄዱ ልታመሰግናቸው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ንዴት ነው።

«ይህን ከቻሉበት፣ ለእነዚያስ ምነው አልለፈለፉላቸውም?»

ጋሼ ማጠናከሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳጠሩት። «ፈራሁ» አሉ። «ዛሬም እየፈራሁ ነው የተናገርኩት።»

ልትሰድባቸው ፈለገች። በእነዚያ ሁሉ ሐሙሶች የራሷም እጅ ወጥቶ እንደነበር ትዝ ሲላት ግን ስድቡን ተወችው። ሽማግሌው የመሣሪያ ቦርሳቸውን እንደያዙ ማነከስ ጀምረዋል።

«ያምጡ፣ ቦርሳውን እኔ ልያዝልዎ» አለች፣ ንዴቷ ሳይበርድ።